በአሚን የተከፈተ መንጋጋ

«ድምፁ የጀመረሽ መቼ ነው?»

ይህን ጥያቄ ለስንት ሰው እንዳነበብኩት አላውቅም፤ ለራሴ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። በመንጋጋ ጥናታችን ፎርም ላይ አራተኛው ጥያቄ ነበር። አፉን ሲከፍት ወይም ሲዘጋ ከጆሮው ፊት፣ የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ያለው ሰው ሁሉ ይጠየቀዋል። ገበሬው «ካምናው አጨዳ ወዲህ» ይላል። የፋብሪካ ሠራተኛዋ «ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ» ትላለች። ማሽኑ ሲሞከር መጀመሪያ የተኛሁት እኔ ነበርኩ፤ ጥያቄውን ያነበበችልኝ የሥራ ባልደረባዬም እስክሪብቶዋን አንስታ ጠበቀች።

«እትዬ፣ መቼ ነው?»

«እንጃ።»

«እንጃ የሚል ሳጥን የለውም እኮ።»

«እንግዲያው ባዶውን ተዪው።»

ሳቀች። «አንቺ ነሽ ባዶ ሳጥን የምትተዪ? ዛሬ በበጋ ሊዘንብ ነው።»

እውነቷን ነው። ደሴ በምንሠራበት የምስል ምርመራ ማዕከል፣ ቀን ያልተጻፈበትን ወረቀት የምመልስ፣ የተጣመመ ፊርማ የማልቀበል ሰው መሆኔን የጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀር ያውቀዋል። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከኩታበር ወዲያ ካለው መንደራችን ደሴ አክስቴ ዘንድ መጥቼ ስመዘገብ፣ ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎኝ በጎኔ ዞሬ ነበር የምቀመጠው። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ምንም ነገር አይዘልም። እያንዳንዱን ፊደል የተማርኩበትን ቀን፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደነበረ፣ አጠገቤ የነበረችው የሰባት ዓመት ልጅ ጣቷን ስትልስ እንደነበር ሁሉ አስታውሳለሁ።

ባልደረባዬ አታስታውስም። አንድ ቀን ምሳ እየበላን «እኔ ማንበብ መቼ እንደተማርኩ ትዝ አይለኝም፤ ሳውቀው የተወለድኩ ይመስለኛል» ብላ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ከአሥር ዓመት በላይ ታንሰኛለች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ የወንጌል አማኞች ናቸው፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናቸው ትዘምራለች። በየጠዋቱ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥታ፣ ፀጉሯ ሳይበላሽ፣ ከሾፌሩ ጋር የጀመረችውን ቀልድ እያገባደደች ትገባለች። በመልኳ ወይም በእንግሊዝኛዋ ብቀና ሰው ይረዳኝ ነበር። እኔ ግን የቀናሁት በዚያ ባለማስታወሷ ነው። ፊደልን እንደ ውሃ ጠጥታው፣ ጥሟን እንኳ ረስታዋለች።

ከዚያ ወዲህ ቅናቴ የሚበላው አላጣም። ታካሚ ገብቶ እኔን ሲያይ «ያቺ ሳቂታዋ የለችም እንዴ?» ይላል። «አለች፤ ግን ሥራው በሳቅ አይደለም» እላለሁ። ይህን ያልኩበት ቀን ታካሚው ትንፋሹን መያዝ አቅቶት ምስሉን ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ። እሷ አንድ ጊዜ ታነሳዋለች። እንዴት እንደምታደርገው ለማየት በር ገርበብ አድርጌ ቆሜ አውቃለሁ። ምንም የተለየ ነገር አታደርግም። እሱ ነው የሚያንገበግበው።

የመንጋጋ ሐኪሙ ጥናቱን ይዞ የመጣው እንዲህ ባለሁበት ሰሞን ነው። ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በእኛ አገር ጫት የሚቅም ሰው ቅጠሉን በአንድ ጉንጩ ይይዛል፤ ቀኝ የለመደ ዕድሜውን ሙሉ ቀኝ ነው። ሐኪሙ ያ ሁሉ ዓመት በአንድ ወገን የሠራ መንጋጋ ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈለገ። ከደሴ ዙሪያ ገበሬዎችን፣ ለማነጻጸሪያም የማይቅሙ የኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞችን ሰበሰበ። በሁለቱ አጥንቶች መካከል አንዲት ቀጭን ልም አጥንት አለች፤ አፍ ሲከፈት ከመንጋጋው ጋር አብራ መንሸራተት ነበረባት። ከቦታዋ የወጣች እንደሆነ መንጋጋው ሄዶ ይደርስባታል፤ ቀጭ የሚለው ያኔ ነው። ተራው ምስል የተዘጋ አፍና የተከፈተ አፍ ብቻ ያሳያል። መንገዱን አያሳይም። በኤም አር አይ ማሽናችን ላይ የተጨመረው ፈጣን አሠራር ግን በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ምስል በምስል ላይ እያነሳ እንደ ፊልም ያጫውተዋል።

የራሴን በስክሪኑ አየሁት። ልም አጥንቷ ቀድማ ወጥታ ትጠብቃለች፤ መንጋጋዬ ይደርስባታል፤ ዘላ ትገባለች።

«ጥርስሽን ትነክሻለሽ?» አለኝ ሐኪሙ።

«ኧረ አልነክስም» አልኩት። ይህን ስልም ነክሼ ነበር።

ችግሩ ሌላ ነው። ለዓመታት ሥራዬ ሰውን «አይንቀሳቀሱ» ማለት ነበር፤ አሁን «ይንቀሳቀሱ፣ ግን በቀስታ፣ ግን እኩል» ማለት ሆነ። አፉ ከፈጠነ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ከተንቀጠቀጠ ይቆራረጣል። እኔም እንደ ልማዴ አጠናሁት። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ሰዓት ይዤ አፌን እየከፈትኩ ለካሁ። መክፈቻው እስከ ስድስት፣ መዝጊያው እስከ ስድስት ይቆጠራል ብዬ መመሪያ ጻፍኩ፤ በላስቲክ አስለብጬም ማይኩ አጠገብ ሰቀልኩት። ጥሩ መመሪያ ነበር። አሁንም ጥሩ ነው እላለሁ።

ሰዎቹ ግን አልሆኑልኝም። «አንድ» ስል አንዱ ገበሬ ጉሮሮው እስኪታይ በረገደው። የፋብሪካዋ ልጅ «ሦስት» ላይ ስትደርስ ሳቅ አመለጣት። አንዲት እናት፣ ማንም በማያያቸው የማሽኑ ዋሻ ውስጥ ተኝተው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አልከፍትም አሉ። ሴት ልጅ አፏን በርግዳ አትታይም ተብለው ነው ያደጉት፤ እኔም እንደዚያው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለሐኪሙ የሰጠሁት ጭጋግ ነው።

«እትዬ» አለችኝ ባልደረባዬ አንድ ቀን፣ «ቁጥሩ እኮ ነው። ትምህርት ቤት ይመስላቸዋል።»

«ትምህርት ቤት ምን ክፋት አለው?»

ድምፄ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ከደሴ ዙሪያ ገበሬዎች አንዱ። ክታባቸው የብር ማኅደር ስላለው፣ ማሽኑ ዘንድ ብረት ነክ ነገር ስለማይገባ አውልቁ ብንላቸው እምቢ ብለው ቆይተው፣ በመጨረሻ ለባልደረባዬ ሰጧት፤ «አንቺ ያዢው፣ እጅሽ ይሞቃል» ብለው። አፋቸውንም ሦስት ጊዜ አስጉመጠመጥኳቸው፤ ቅጠሉ አልወጣ ብሎ። ካስገባናቸው በኋላ ማሽኑ መምታት ጀመረ። እኔ ስቆጥር እሳቸው መንጋጋቸውን ገትረዋል። ሲሰለቸኝ ማይኩን ለቅቄ መመሪያዬን እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። እሷ ቦታዬ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ደህና ነዎት?»

«ወላሂ ልጄ፣ ይኼ ነገራችሁ ድቤ ይመታል።»

«ምን ዓይነት ድቤ?»

«ዝግ ያለ። ለቀስታው መንዙማ የሚሆን።»

«ታዲያ ይቀበሉታ።»

«ግጥሙን ማን አውጥቶልኝ?»

«ድቤው ያውጣልዎት። ድምፅ ሳያሰሙ፣ ራስዎን ሳያንቀሳቅሱ፣ በሆድዎ ‹አሚን› እያሉ አፍዎ ብቻ ይከተል። ዝግ አድርገው። በ‹አ› ይክፈቱ፣ በ‹ሚ› ይዝጉ።»

ስክሪኑን አየሁ። መንጋጋው ወረደ፣ ወጣ። ወረደ፣ ወጣ። እንደ ጭጋግ የነበረው ጠርቶ፣ ያቺ ልም አጥንት በተጣመመ መንገዷ ስትሄድ፣ ስትዘገይ፣ ዘላ ስትገባ፣ አንድም ሳይደበዝዝ ታየ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ቅናቴም እንዲያ ሆኖ አያውቅም።

አባቴ መንዙማ አውጪ ነበር። ዱዓ በተደረገ ቁጥር ከሴቶቹ ጋር ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጬ «አሚን» ስቀበል ነው ያደግሁት፤ ፊደል ሳላውቅ የማውቀው ብቸኛ ትምህርቴ እሱ ነበር። አፍ በ‹አ› እንደሚከፈት፣ በ‹ሚ› ከንፈር እንደሚገጥም ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ግን በዚያ ነጭ ክፍል ውስጥ፣ ከሳይንስ ጋር፣ የአባቴን ነገር ማስገባት ነውር መስሎኝ አላሰብኩትም። አንዲት የኮምቦልቻ ዘማሪ ገብታ ከእኔ ቤት አንስታ ወሰደችው። በዚያው ሳምንት ክርስቲያኑን «አሜን» እያሰኘች ታነሳ ጀመር። ያቺ ባለ ነጠላዋ እናት እንኳ ተመልሰው መጥተው፣ አሚን ለማለት ነጠላ አያስፈልግም ብለው ምስሉን ተነሱ።

የሥራ መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነኝ። በማዕከላችን ልማድ የቀኑን ሥራ የሚፈርመው አንጋፋው ነው፤ ማን ምን እንደሠራ ግን በጎን ይጻፋል። ያን ቀን እንዲህ ጻፍኩ፦ «ተሳታፊው በአሚን ምት ከፈተ፣ ዘጋ። ምስሉ ንጹሕ ነው።» ፈረምኩ። በጎን ያለውን ባዶ ተውኩት። በዕድሜዬ የተውኩት ሁለተኛው ባዶ ሳጥን መሆኑ ነው፤ ይኼኛው ግን እንጃ የሚያሰኝ አልነበረም።

አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሙ መጣ። እሷ የመዝሙር ልምምድ ስለነበራት ወደ ኮምቦልቻ ወርዳለች። ፊልሙን አጫወትኩለት፤ ደግሞ አጫወተው። መዝገቡን አነበበ።

«አሚን» አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ። «ይኼ ካንቺ ሌላ ከማን ይወጣል? የመንዙማ አገር ልጅ።»

እኔም «አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

አልሐምዱሊላህ ውሸት አይደለም። ለዚያ ነው የመረጥኩት።

ከወር በኋላ ሐኪሙ ሁላችንንም ሰብስቦ፣ ይህን ፈጣን አሠራር ጠንቅቆ የሚማር አንድ ሰው አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት እንደሚላክ ነገረን። አንድ ሰው ብቻ። ተመልሶ የጥናቱን ቀጣይ ክፍል የሚመራው እሱ ነው። «እትዬ ትሂድልን» አለ፤ ምክንያቱን አልዘረዘረም፤ ሁሉም አጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች። ከስብሰባው ወጥታ መታጠቢያ ቤት ቆየች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔም ትንሽ አስቤ ነበር» አለችኝ። «ግን የሚገባው ለአንቺ ነው። የእኔም ተራ ይደርሳል።»

በማግስቱ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አምጥታ ሰጠችኝ። «መጻፍ ስለምትወጂ» አለች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ዕድሉን አግኝቻለሁ። እኔ ግን በዚህም ቀናሁባት፤ ያጣችውን ለሌላ ሰው እንዲያ በቀላሉ መስጠት በመቻሏ። ደብተሩ ላይ እስከ አሁን አንድ ቃል አልጻፍኩም። ይህን የምጽፈው በሌላ ወረቀት ነው።

ልሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ሽማግሌው ለድጋሚ ምስል መጡ። እሷ ያን ቀን አልትራሳውንድ ክፍል ነበረች።

«ሐኪሙ ጫቱን ተዉ ብሎኝ ነበር» አሉ።

«ተዉ ታዲያ?»

«አልተውኩም። አዛወርኩ።» ግራ ጉንጫቸውን በጣታቸው መቱ። «ቀኙ ይረፍ ብዬ።»

አስገባኋቸው። ማይኩን ይዤ «በ‹አ› ይክፈቱ፣ በ‹ሚ› ይዝጉ» አልኩ። ምስሉ መጣ፤ ግን ይቆራረጣል።

«ልጄ፣ ከድቤው ትቀድሚያለሽ» አሉኝ ከውስጥ። «ያቺ ልጅ የት አለች?»

«ሥራ ላይ ናት።»

«እሷ ነች የምታውቀው። የጴንጤ ልጅ ናት አሉኝ። አላህ ለማን ምን እንደሚሰጥ ማን ያውቃል።»

ያን ጊዜ የተናገርኩት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቅናት ነው። «አባባ፣ መንዙማ እኮ የእኔ ቤት ነው» አልኳቸው። «አባቴ አውጪ ነበር።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

ነገርኳቸው። ከማሽኑ ካወጣኋቸው በኋላ አልጋው ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩኝ።

«እሱን አውቀዋለሁ» አሉ። «ስንት ዱዓ አብረን ተቀምጠናል። ዱዓውን ሲዘጋ ያዋጣውን ሁሉ በስሙ ሳይጠራ አይዘጋም ነበር። እንጨት የፈለጠውን፣ በሬ የነዳውን። ውሃ የቀዳችዋን ሴት ሳይቀር። አንድ ቀን አንድ ሰው ረስቶ ጀማዓው ተነሥቶ ከሄደ በኋላ ትዝ ቢለው፣ ሰውዬው ቤት ድረስ ሄዶ ደጃፉ ላይ ቆሞ መረቀው። ስቀንበት ነበር።»

ክታባቸውን አነሣሁላቸው። ተቀብለው አንገታቸው ላይ እያሰሩ «ልጅቱን ሰላም በይልኝ» አሉ፤ ወጡ።

ያን ዓርብ ልነግራት አልትራሳውንድ ክፍል ድረስ ሄጃለሁ። ታካሚ ነበራት፤ ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ተመለስኩ። ቅዳሜም አልነገርኳትም።

እሑድ ግን ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ሲጠማዘዝ የምናገረውን በልቤ አስተካክዬ፣ ቃሉን አሳጥሬ፣ ቁጥር ሰጥቼ ጨርሼ ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው በር አጠገብ፣ ከግድግዳው ውጪ ቆሜ ጠበቅኩ። ከውስጥ ይዘምራሉ። ድምፅዋን ከሌሎቹ ለየሁት፤ ያንንም ባልለየው በወደድኩ። ሙቀቱ ለደሴ ሰው ይከብዳል፤ ሻርፔ በላብ አንገቴ ላይ ተጣበቀ።

የመዝሙር ልብሷን ክንዷ ላይ አጥፋ ወጣች። ስታየኝ ደነገጠች።

«እትዬ? ሰው ታመመ?»

«አልታመመም።»

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ሐኪሙ አሚንን ያመጣሁት እኔ ይመስለዋል» አልኳት። «አንቺ ነሽ አላልኩትም። ለዚያ ነው የምሄደው።»

ልብሷን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። ሰዎች እያለፉ ሰላም ይሏታል፤ ለእያንዳንዱ መልስ ትሰጣለች፤ ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ ይዘጋል።

«ያን ቀን መታጠቢያ ቤት ምን ስል እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለች። «ሰነፍ ነኝ፣ እትዬ ታጠናለች፣ እኔ እጫወታለሁ፣ ይገባኛል ስል ነበር። ይቅርታ እየጠየቅሁ ነበር እኮ፣ እትዬ። ስለ ስንፍናዬ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ለምንድን ነው?»

ስለ ፊደሉ ልነግራት አፌ ድረስ መጣ። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር ስላልገባበት፣ እሷ ስላላስታወሰችው። ግን ሰበብ ይመስላል፤ ሰበብም ነው። «ቀናሁብሽ» አልኳት። ይህን ቃል በሕይወቴ ጮክ ብዬ ያልኩት ያን ቀን ነው።

«በእኔ?» ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «ወረቀቴን እንዳትመልሺብኝ እየፈራሁ የጻፍኩትን ፊደል ደግሜ የማይ እኔ ነኝ። በይ ለሐኪሙ ንገሪው።»

«ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እሑድ ነው።»

«እሑድ ስልክ አይሠራም?»

ስልኬን አወጣሁ። ደወልኩ። አጠገቤ ቆማ፣ ልብሷን እንደታቀፈች፣ ጫማዬን ታያለች። ሦስት ጊዜ ጠራ። «ሃሎ» አለ ሐኪሙ። አፌን ስከፍት ከጆሮዬ ፊት ቀጭ አለ፤ ቃል ግን አልወጣም። «ሃሎ፣ እትዬ?» አለ ደግሞ።

«ቀስ ብለሽ» አለችኝ፤ ማይኩ ላይ ሆና ለታካሚ እንደምትለው። ፈገግ ግን አላለችም።

«ዶክተር» አልኩ፣ «መዝገቡን አጠገብዎ ካለ ይክፈቱልኝ። የሽማግሌው ገጽ ላይ፣ በጎን በኩል፣ ያልጻፍኩት ስም አለ።»